ሄንሪ ፔትሮስኪ ስለ ውድቀት የጻፉት ለሥራችን ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ምሕንድስና ሰብአዊ ገጽታ በሰፊው የጻፉትን አሜሪካዊውን መሐንዲስ ሄንሪ ፔትሮስኪን በቅርቡ ማንበብ ጀምሬአለሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ማንኛውም ዲዛይን ተሠርቶ እስኪፈተን ድረስ መላምት እንደሆነ ያስረዳሉ። እኛ ግን የምንሠራው በቀመርና በሕንፃ ኮድ (በግንባታ ደንብ) ነው። ታዲያ የሰው ድክመት በየት በኩል ይገባል?

መልስ 1

እርሳቸው ራሳቸው የተነተኑትን አደጋ ይመልከቱ። ሐምሌ 17 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ውስጥ ሁለት ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም መተላለፊያዎች ከጣሪያው በሚወርድ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዳዶ (በዘንጉ ጥርስ ላይ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ላይ የሚያርፉ ነበሩ። እንዲህ ላለ ረጅም ዘንግ ዳዶው የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ማውጣትና ዘንጉን መግጠም አስቸጋሪ ስለሆነ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛውም መተላለፊያ ከላይኛው መተላለፊያ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ ብረት) ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው ሲንጠለጠሉ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ብቻ ይሸከማል፤ የታችኛው ገመዱን ለቅቆ የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው ሰው እጅ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል። በላይኛው ቢም ሥር ያለው ዳዶ የደረሰበት ይኸው ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ለውጡ ከተደረገ በኋላ መልሶ ያሰላው ሰው አልነበረም።

መልስ 2

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፔትሮስኪ ስለ ስኬት የጻፉት ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበረው የታኮማ ናሮውስ ተንጠልጣይ ድልድይ ኅዳር 7 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ ሲፈርስ፣ ከተከፈተ ገና አራት ወር ነበር። ከእርሱ በፊት የተሠሩት ተንጠልጣይ ድልድዮች ስለቆሙ፣ ንድፍ አውጪዎች ወለሉን እያቀጠኑ ሄዱ፤ የቀደሙት መሐንዲሶች ነፋስን ለምን እንደፈሩ እየተረሳ መጣ። (ከአንድ ውሻ በቀር ሕይወት አለመጥፋቱ ዕድል ነው።)

መልስ 3

በመልስ 1 ላይ እርማት አለኝ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት፣ የሃያት የመጀመሪያው ንድፍም የከተማው ኮድ የሚጠይቀውን ጥንካሬ አያሟላም ነበር፤ ለውጡ ያንኑ አባሰው። ለውጡን የያዘው ሾፕ ድሮዊንግም (ብረቱን የሚሠራው ድርጅት የሚያዘጋጀው ዝርዝር ንድፍ) የመሐንዲሱ ማኅተም አርፎበታል፤ በኋላም የሚዙሪ ግዛት የመሐንዲሶቹን የሙያ ፈቃድ ሰረዘ። ስለዚህ ፔትሮስኪን በማክበር እናገራለሁ፤ ውድቀት ያስተምራል ስንል ማን እንደፈረመ መጠየቁን መተው የለብንም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ማኅተሙን የሚያሳርፈው ሰው ማየት ያለበት የተቋራጩን ስሌት ነው ወይስ ራሱ ያሰላል?

መልስ 3

ራሱ ያሰላል። መገጣጠሚያውን ለብቻው በወረቀት ላይ አውጥቶ፣ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይከታተላል። በሃያት ጉዳይ ይህ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም ነበር።