መሃል ከተማ ምሳ የት ይበላ? ለእንግዳዬ የጻፍኩት ጥቆማ

የአክስቴ ልጅ ከደሴ ለአሥር ቀን ሥልጠና ሊመጣ ነው። ማረፊያው ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ነው። ትናንት ደውሎ፣ "ወንድሜ፣ ምሳ የት ልብላ? ኪሴንም ሆዴንም አስብልኝ" አለኝ። በስልክ ልነግረው ጀመርኩና ተውኩት። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሰንጋ ተራ ቢሮ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጾምም ሆነ ፍስክ ምሳዬን ውጭ ነው የምበላው። የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ ሲርበው የኖረ ሰው የሚያውቃት ነገር አለች።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የስንቱ ቤት ሜኑ ስቲከር በስቲከር ላይ ተለጥፎበት አይቻለሁ። አንዱን በጥፍሬ ላጥ አድርጌ ከሥሩ ሦስት የድሮ ዋጋ ቆጥሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እያነጻጸርኩ ነው የምነግርህ።

በበያይነቱ ልጀምር፤ አሥሩን ቀን ስድስቱን የምትበላው እሱን ስለሆነ።

እኔና የቢሮ ልጆች የምንሄድበት ቤት ታፔላ የለውም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ግቢ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም "እማዬ" ነው የምንላቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረስክ ቆመህ ትጠብቃለህ። ሩብ ሰዓት ቀድመህ ከደረስክ ወንበር አለ። ይሄን ያህል ነው ልዩነቱ። ትሪው ሲመጣ እየው። መሃል ላይ ቀይ ምስር፣ ዙሪያውን ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ፎሶሊያ። ቀይ ሥሩ ዳር ላይ ነው የሚቀመጠው። የማይችል ቤት መሃል ያደርገውና ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ትሪው ሁሉ ሮዝ ይሆናል። እማዬ ቤት ሽሮዋ ከሁሉ በኋላ ነው የምትመጣው። ልጅቷ ድስቷን በጨርቅ ይዛ ትመጣና እዚያው ፊትህ እንጀራው ላይ ትገለብጣታለች፤ ስትፈስም መንተክተኳን አታቆምም። ከዚያ "ቃሪያ ልጨምር?" ትልሃለች። ጨምሪ በላት።

የበያይነቱ ቤት ሲመረጥ ወጡን አይደለም የማየው። እንጀራውን ነው። ዓይኑ የወጣ፣ ስታጥፈው የሚታጠፍ ከሆነ ተቀመጥ። ሩዝ የበዛበት ከሆነ ገና ትኩስ እያለ ያምራል፣ ሲበርድ ግን ይሰነጣጠቃል፤ ግማሹ ወጥ ትሪው ላይ ይቀራል። ጭማሪ እንጀራ በነጻ ነው ወይስ ይከፈላል የሚለውንም ቀድመህ ጠይቅ። እማዬ ጋ ግማሽ እንጀራ አይቆጠርም። ከእሳቸው ሁለት በር ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ግን ይቆጥራታል፤ በዚያ ላይ ጥቅል ጎመኑ ዘይት ውስጥ ይዋኛል።

በያይነቱ ሌላም ጥቅም አለው። የእኛ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። ሥጋ ቤት ስንሄድ እዚህና እዚያ እንለያያለን። ረቡዕና ዓርብ ግን አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። ከድር የሚባል ካለ ከድር፣ ገብሬ የሚባል ካለ ገብሬ፣ ምስሩ ጋ ሲደርስ ሁሉም እጁ ይፈጥናል።

ትንሽ ዘና ብለህ መብላት ካማረህ ደግሞ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውጣ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ነበር፤ ግን ያ የጣውላ ወለልና ደረጃው አሁንም ሲረገጥ ሲጥ ይላል። እዚያ የምወደው የምሳ የጾም ቡፌውን ነው። ራስህ እያነሣህ ነው የምትበላው። ከእማዬ ቤት ጋር ላወዳድርልህ? የጣይቱው ዓይነቱ ይበዛል፣ ሱፍ ፍትፍትና አዚፋ የመሳሰሉ በየቀኑ የማታገኛቸው ነገሮች ያጋጥሙሃል፣ ጊዜ ወስደህ ታወራለህ። የእማዬው ደግሞ ይሞቃል። ቡፌ ላይ የተቀመጠ ሽሮና ከድስት የወረደ ሽሮ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቅዳሜ ጣይቱ፣ የሥራ ቀን እማዬ።

ሽሮ ካነሣን አይቀር፦ ስታዝ "የጾም" በል። ዝም ካልክ በቅቤ ሊመጣልህ ይችላል። ተጋቢኖ ካልክ ወፍራሙ በድስቷ ይመጣልሃል። ቦዘና ካልክ ሥጋ አለበት። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ሠራተኛችን በሁዳዴ "ቦዘና" ብሎ አዝዞ፣ አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "ወንድሜ፣ ዛሬ ቀኑን ታውቃለህ?" አለችው። እስከ ዛሬ ቦዘና ነው የምንለው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ። እኔ አልገባበትም። የሚበላ ከሆነ ግን ጉላሹን ተወውና ዱለቱን እዘዝ።

አሁን ወደ ክትፎ። ደሴ ሆነህ ክትፎ አልበላህም አልልህም፤ የአዲስ አበባ ክትፎ ቤት ግን ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ባለሙያዎቹ ጉራጌዎች ናቸው። ጥሩ ቤት ገብተህ ዝም ብለህ ብታዳምጥ ከጓዳ የቢላ ድምፅ ትሰማለህ፤ ቀይ ሥጋው በእጅ ሲከተፍ። በማሽን የተፈጨው ምላስ ላይ ሊጥ ሊጥ ይላል። ቅቤው በኮሰረት የነጠረ መሆን አለበት። ጣባው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሽታው ቀድሞ ይደርሳል። ካልደረሰ፣ ሚጥሚጣው ብቻውን ምንም አያደርግልህም።

ሲጠይቁህ "ለብለብ" በል፤ ጥሬውን ካለመድከው። "የበሰለ" ካልክ ይሠሩልሃል፣ ግን በልባቸው ያዝኑብሃል። ስፔሻል ሲመጣ አይብና ጎመን አብሮት ይመጣል፤ ከእንጀራው ሌላ ቆጮ አለ። ቆጮውን አትናቀው። ቀጭን ሆኖ ትኩሱን ከመጣ ቅቤውን የሚችለው እሱ ነው። አንድ ስፔሻል ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ብቻህን ከበላኸው ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ላይ ታንኮራፋለህ። በእኔ ስሌት በአንድ ስፔሻል ክትፎ ዋጋ ሦስት አራት ቀን በያይነቱ ይበላል። በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብላው። ቀኑም ሐሙስ ይሁን። ረቡዕ ከተዘጋ በኋላ ሐሙስ ሥጋው ትኩስ ነው የሚል የራሴ እምነት አለኝ። ማረጋገጫ የለኝም፤ ሆዴ ነው የነገረኝ።

ቁርጥ ያማረህ እንደሆነ ሰው ሁሉ የድሮ አድራሻ ነው የሚነግርህ። "ዶሮ ማነቂያ ሂድ" ይሉሃል። ዶሮ ማነቂያ የለም፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። "ካዛንቺስ ግባ" ይሉሃል። የካዛንቺስም ብዙው በ2017 ተነሥቷል። እዚያ የነበሩ ሥጋ ቤቶች የትና የት ተበታትነዋል። አንዱን የማውቀውን ልኳንዳ ቤት ፍለጋ ሁለት ታክሲ ቀይሬ አግኝቼዋለሁ። ሚዛኑ ያው፣ አዋዜው ያው፣ ቆራጩ ሰውዬ ያው። ግን ግድግዳው አዲስ ነው፤ እኔም አልሞቀኝም። ለማንኛውም ከመሄድህ በፊት ደውለህ ቤቱ መኖሩን አጣራ።

እንዳትሠራት የምፈልጋት አንዲት ስህተት አለች። እኔ ሠርቻታለሁ። ባለፈው ዓመት ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ነበረኝና "ደህና ቦታ ልውሰደው" አልኩ። በመስታወት ያበደ፣ ሜኑው እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ቤት ወሰድኩት። ስሙን ተወው። ፒዛ አለ፣ በርገር አለ፣ የቻይና ሩዝ አለ፣ ዱለት አለ፣ ክትፎም አለ። እኔ ክትፎ፣ እንግዳዬ ጥብስ አዘዝን። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ክትፎው ሲመጣ ቅቤው ዳር ዳር ረግቶ ነጭ መስመር ሠርቷል። ጥብሱ ደግሞ ሽክላው ይጨሳል፣ ሥጋው ግን ቀዝቃዛ ነው። ልጁን ጠርቼ፣ "የኔ ወንድም፣ ይሄ ነገር በርዷል እኮ" ብለው፣ "ላሙቅልዎት?" አለኝ። ክትፎ ይሞቃል እንዴ? ከዚያ ወዲህ ሜኑው ከሁለት ገጽ ካለፈ ውኃዬን ጠጥቼ እነሣለሁ። አንድ ቤት የሚታወቅበት አንድ ምግብ አለው። በር ላይ ቆመህ የሚበሉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳለ እይ፤ አብዛኛው ሰው የያዘውን እዘዝ።

የዚያ ቀን ሒሳቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ስትገባ ሜኑው ላይ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብብ። አንዳንዱ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 100 ብር ያልከው ምግብ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ታገኘዋለህ። እማዬ ጋ የተባለው የሚከፈለው ነው፤ በቴሌብርም ይቀበላሉ። ለልጅቷ ጉርሻ መተው ግን አትርሳ።

ቁርስ ላይ ብዙ አልልህም። ፉል ብላ። ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቲማቲምና ሽንኩርቱ ከላይ ሲበተንበት፣ ዳቦው ትኩስ ሲሆን። ስፔሻል ካልክ እንቁላልና እርጎ ይጨመርበታል። ሁለት ሰዓት ካለፈ ዳቦው ያልቅና የትናንቱን ያመጡልሃል። ፈጢራ ከማር ጋርም አለ፤ እሱ ግን ለቅዳሜ ይሁን፤ እጅህ ተጣብቆ ቢሮ አይገባም።

ፓስታ በየቤቱ አለ። ስጎው ውስጥ በርበሬ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ከጣልያኑ ይልቅ ያንን ነው የምወደው፣ በእንጀራ ጠቅልዬ። ይሄን ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ቡና ላይ ግን እከራከራለሁ። እንግዳ ሁሉ ቶሞካን ማየት አለበት፤ ፒያሳ የሚገኘውን የመጀመሪያውን። በእ.ኤ.አ. 1953 የተከፈተ ቤት ነው፤ ስሙም ከሦስት የጣልያንኛ ቃላት ተቆርጦ የተሠራ ነው። ረጃጅሙ ጠረጴዛ ጋ ቆመህ ነው የምትጠጣው። ማኪያቶ ስታዝ "ጠቆር ያለ" ወይም "ነጣ ያለ" በል፤ ዝም ካልክ መሃለኛውን ነው የሚሠሩልህ። ለእናትህ የተፈጨ ቡና ግዛላት። አንድ ጊዜ ከሄድክ ግን ይበቃል። የየቀኑን ቡና ከመንገድ ዳር ከጀበና ጠጣ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ፣ ጤናዳም ሲኒው ውስጥ ጣል ተደርጎ። የእኔ ባለ ጀበና የመሥሪያ ቤታችን አጥር ሥር ነው የምትቀመጠው። ከምሳ በኋላ የሚወራው የቢሮ ወሬ ሁሉ እዚያ ነው የሚጣራው። ማን እንደተዛወረ ከሰው ሀብት ክፍል በፊት እሷ ታውቃለች።

ጁስ ካሰኘህ ስፕሪስ እዘዝ፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት። በማንኪያ ነው የሚበላው። ምሳ ከበላህ በኋላ አትሞክረው፤ እሱ ራሱ ምሳ ነው።

በቃ፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቴያትር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ቁም። እኔ እመጣለሁ። አምስት ደቂቃ ብትዘገይ አልጠብቅህም፣ ወንበር እይዛለሁ። ሰማያዊ ሸራ እያልክ ጠይቅ፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደሴ ስትመለስ የምትወስድልኝ ትንሽ ዕቃ አለችኝና ባዶ ቦርሳም ያዝ።