የዕቅድ ውይይት፦ የምጣዳችን ሙቀት ዳር እስከ ዳር እንዲደርስ

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም እህቶቼ፣ ሰላም ወንድሞቼ። እኛ የእንጀራ ጋጋሪዎች ማኅበር ለከተማው የምናስገባው ፕሮፖዛል እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ ስላለበት ሐሳባችሁን ከወዲሁ አምጡ። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሼዳችን የሚጋገረው እንጀራ መሀሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። በምድጃው አፍ በኩል ያለው ጠርዝ ጭራሽ ዓይን አያወጣም። እሱን እናብስል ብለን ማገዶ ስንጨምር ደግሞ ከኋላ በኩል ይደርቅና ሰፌድ ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ምግብ ቤቶቹ እንዲህ ያለውን አይቀበሉንም። ደብረ ብርሃን ላይ እንጨት ስንት እንደገባ መቼም ለእናንተ አልነግርም።

በእጃችን ያለው ረቂቅ «አዲስ ምድጃ ይገዛልን» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ያሉን «ምርት» የሚባሉት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች አልተሰበሩም። ሙቀቱ የት እየሄደ እንደሆነ ሳናውቅ አዲስ ብንተክል እዚያው ነን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? እስቲ ተናገሩ።

ሒሳብ ያዥዋ፦
ከጠየቅን አይቀር ለምን የኤሌክትሪክ ምጣድ አንጠይቅም? የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። እኛ እስከ መቼ ጢስ እየዋጥን እንኖራለን? የሁላችንም ዓይን አለቀ እኮ። የእንጨት ምድጃ ላይ ገንዘብ አናባክን።

የመስመር ሠራተኛው አባል፦
እህቴ፣ መድረሻችን እሱ ነው፤ አልከራከርሽም። ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አሥር ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ 35 ኪሎ ዋት ነው። አሁን ወደ ሼዳችን የገባው መስመር የአምፖልና የስልክ ቻርጀር መስመር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ምናልባትም ትራንስፎርመር። ይህ የራሱ ማመልከቻ የራሱም ወረፋ አለው። ለብቻው እናስገባው፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ከኤሌክትሪኩ ግን ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን ትምህርት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሆዱ ተከፍቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽቦው ሸክላው ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ እየዞረ እየዞረ ከመሀል እስከ ዳር ይሄዳል። ሸክላው ያው የኛው ሸክላ ነው። እኩል የሚጋግረው ሸክላው የተለየ ስለሆነ አይደለም። እሳቱ ራሱ ዳር ድረስ ስለሄደለት ነው።

ምድጃ ሠሪው፦
ልጄ ዋናውን ነገር ነገረን። እኔም ከዚሁ ልቀጥል፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሸክላ ሙቀትን ወደ ጎን አያካፍልም። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ሸክላን ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ አንድ ጥጉን ብታሞቁት ሌላው ጥጉ ወዲያው ይግላል። ሸክላ ግን ነበልባሉ ያረፈበት ቦታ ይግላል፣ ያላረፈበት ቀዝቅዞ ይቀራል። ስለዚህ ምጣዱን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ሙቀቱ መከፋፈል ያለበት ምጣዱን ከመንካቱ በፊት ነው።

አሁን ምርት ምድጃን እንየው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ እዚሁ አገራችን የተሠራ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶ ጋር አሸዋ ወይም ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተደባልቆ ይሠራል። ከስድስቱ ቁራጭ አራቱ ዙሪያውን ይይዛል፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ የድስት ማስቀመጫውንና የጢሱን መውጫ ይሠራል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል ተብሎ የተመሰከረለት ነው። ይህ ግን ክፍተቱ ሲደፈንና በአግባቡ ሲያዝ ነው። የኛዎቹ ቁራጮች መጋጠሚያቸው ጭቃ ካየ ዘመን አልፎታል። በዚያ ስንጥቅ ብርድ አየር ይገባል፣ ጠርዙን ያቀዘቅዘዋል።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። እሳቱ ከፊት በአፉ ይገባል፣ ጢሱ ከኋላ ይወጣል። ነበልባል እንደ ውሃ ነው፤ የቀለለው መንገድ ካለ ወደዚያው ይፈሳል። ከአፍ ወደ መውጫው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ይረሳል፤ ኋላው ያርራል።

ማረጋገጥ የምትፈልጉ ምድጃው ሲበርድ ምጣዱን ገልብጡና ሆዱን እዩት። ጥላሸቱ ይነግራችኋል። በጣም የሚግለው ቦታ ላይ ጥላሸቱ ራሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ሸክላው ቀላ ብሎ ይታያል። ቀዝቃዛው ቦታ ጥቁር ነው፤ በጣት ሲነካ ይለጠፋል። አዩና ጻፉልኝ።

ከጋጋሪዎቹ አንዷ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት ገለበጥን። ሦስት ምጣድ ነው ያየነው። በሦስቱም የቀላው ቦታ ከመሀል ይጀምርና ወደ ኋላ ይጎተታል። ቅርጹ ምላስ ነው የሚመስለው። በአፉ በኩልና በቀኝ ጎኑ ያለው ድፍን ጥቁር ነው። በር አጠገብ ያለው ምጣድ ደግሞ ጭራሹን ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ በበሩ እየገባ ነበልባሉን ወደዚያ ይገፋዋል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት እኮ እዚያው ምጣድ ላይ ደህና እንጀራ ይወጣል። እኛ ሊጡ ነው እያልን እርሾውን ስንወቅስ ነበር የከረምነው።

ሌላም አለ። ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ውሃ አፍስሰን አየነው፤ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ምጣዱ ካዘነበለ ሊጡ በዚያ በኩል ይወፍራል። የወፈረ ሊጥ ደግሞ ሙቀቱ እኩል ቢሆንም አይበስልም። ይህን የምጣድ ማስተካከል ነገር ረቂቁ ውስጥ አስገቡልን። ምንም ወጪ የለውም፤ ከሥሩ የሸክላ ስባሪ ማስገባት ብቻ ነው።

ምክትል ሰብሳቢው፦
ጥሩ። መፍትሔው ምንድን ነው ታዲያ? ኋላውን እንዝጋው?

ምድጃ ሠሪው፦
መዝጋት አይሆንም፤ ጢሱ በአፉ ተመልሶ እናንተኑ ይፈጃችኋል። ከመውጫው ቀዳዳ ፊት ለፊት አንድ ጡብ እናቆማለን። ነበልባሉ እሱን ሲያገኝ ወደ ላይና ወደ ግራ ቀኝ ይከፈላል። በጡቡ ዙሪያ የሚቀረው ክፍተት ሁሉ ተደምሮ ከመውጫው ቀዳዳ ማነስ የለበትም። ካነሰ ይታፈናል። ይህን ሕግ ከያዝን ጡቡን ወደፊትም ወደኋላም እያደረግን ቦታውን እናገኘዋለን።

ከዚያ ወለሉ። አሁን ወለሉ ከምጣዱ በጣም ይርቃል፤ የምድጃው ቁመት 24 ሳንቲ ሜትር ነው። የጋለው አየር ከመሀል ወደ ዳር ሲሄድ ቦታው ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ምጣዱንም ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ መሀሉን ጎድጎድ፣ ዳሩን ከፍ እናድርገው። ፑሚስ በጭቃ ለውሰን ዳር ዳሩን እንሞላለን። ጠርዙ ላይ ከምጣዱ በታች አራት ጣት ያህል ክፍተት በመተው እንጀምር። እንጨት የሚገባበትን በኩል ግን አንነካም። ፑሚሱ በውስጡ አየር ስላለው ሙቀት ወደ መሬት እንዳይሰርግም ይከላከላል። ሁለት ጥቅም።

ከጋጋሪዎቹ ሌላዋ፦
ስለ አመዱስ? እኔ ጠዋት ስመጣ አንዳንዱ ምድጃ ውስጥ የትናንትናውም የትናንት ወዲያውም አመድ አለ። ኩበት የምታነዱ በተለይ። አመዱ ሲከመር እንጨቱ ምጣዱን ሊነካ ይደርሳል፤ አየር አያገኝም፤ ይጢሳል፤ መሀሉን ብቻ ይለበልባል። ከሥር ጥቂት ቀርቶ ሌላው በየቀኑ ይጠረግ። ይህ ፕሮፖዛል አይፈልግም፣ ተራ ማውጣት ነው የሚፈልገው። ፍልጡም ይቅጠን፣ እኩል ይሁን። ግንድ የሚያህል እርጥብ ባሕር ዛፍ አስገብቶ ሙቀት አልደረሰም ማለት አይገባም። በሦስት አቅጣጫ ዘርጋ አድርጋችሁ ብታስገቡት እኮ እሳቱ ራሱ ይሰፋል።

የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዋ፦
እትዬ ያሉት ላይ ልጨምር። የሠራነው ለውጥ መሥራቱን በምን እናውቃለን? ከተማው የሚጠይቀን እሱን ነው። ለእንጀራ የምጣዱ ፊት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያስፈልገናል። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው አይሆንም፤ እሱ የሰው ሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የሚለካው። ለሞተርና ለምድጃ የሚሸጠው ዓይነት ይሁን፤ ቢያንስ እስከ 400 ዲግሪ የሚያነብ።

አለካኩ እንዲህ ቢሆንስ? መሀል አንድ፣ ዳር ላይ ደግሞ በአፉ በኩል፣ በኋላ፣ በግራ፣ በቀኝ። አምስት ቦታ። ሊጥ ከመፍሰሱ በፊትና እንጀራው እንደወጣ ወዲያው። በመሀሉና በዳሩ መካከል ያለው ልዩነት ከጠበበ ተሳክቷል። መሣሪያው እስኪገዛ ዱቄት በስሱ በትነን የት ቀድሞ እንደሚጠይም ማየት እንችላለን። እንጨቱም በሚዛን ይመዘን፤ ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት እንጀራ ወጣ፣ ስንቱ ተበላሸ። ጋጋሪዎቹ ይቀያየሩ። አለበለዚያ የእጅ ብልሃት የምድጃ ውጤት መስሎ ይጻፋል።

ሒሳብ ያዥዋ፦
እሺ፣ የምትሉት ገብቶኛል። ኤሌክትሪኩ በራሱ ደብዳቤ ይሂድ፤ ደብዳቤው ይህን እየጠበቀ እንዳይቆም ግን። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አሥሩንም ምድጃ በአንዴ አናፍርስ። ሁለቱን እንለውጥ፣ ሁለቱን እንዳሉ እንተዋቸውና ጎን ለጎን እንይ። ዋጋውን በግምት አልጽፍም፤ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይምጣልኝ። ጉልበቱ ከኛ ስለሆነ በብር ተተምኖ የማኅበሩ መዋጮ ተብሎ ይግባ። ባዶ እጃችንን ያልመጣን መሆናችን ይታወቅ።

ምድጃ ሠሪው፦
በጣም ትክክል። አንድ ነገር ብቻ፦ ምጣዶቹ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚያመጡልን አንዱ ጎኑ ወፍራም ሌላው ስስ ነው። ወፍራሙ ዘግይቶ ይግላል፣ ሊጥ ሲፈስበት የቀዘቀዘውም ቶሎ አይመለስም። እኩል ውፍረት ላለው ትንሽ ጨምረን እንክፈል። እነሱም ሰርተው የሚበሉ ናቸው፤ በነጻ ድካም አንጠይቃቸው።

ጸሐፊው፦
ሁሉንም አሰባስቤ የረቂቁን ዋና ክፍል እንዲህ ጽፌዋለሁ። እየቆራረጣችሁ አርሙት።

«ማኅበራችን አዲስ ምድጃ እንዲገዛለት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያሉትን ምርት ምድጃዎች ሙቀታቸው ለምጣዱ በሙሉ እንዲዳረስ አድርጎ ለማሻሻልና ውጤቱን ለመለካት የሚያስችል ድጋፍ ነው። በሁለት ምድጃዎች መጋጠሚያዎቹ ይደፈናሉ፣ ከጢስ መውጫው ፊት ማገጃ ጡብ ይቆማል፣ የወለሉ ዳር በፑሚስ ከፍ ይደረጋል፣ ምጣዱ ይስተካከላል። ሁለት ምድጃዎች ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ይቆያሉ። በሼዱ በር በኩል የነፋስ መከላከያ ይሠራል፤ የጣሪያው ሥር ግን ለጢስ መውጫ ክፍት ይሆናል። የምጣዱ ሙቀት፣ የማገዶው ክብደትና የእንጀራው ጥራት በየዕለቱ ይመዘገባል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሥራው ወደ ቀሩት ምድጃዎች ይስፋፋል፤ በከተማው ላሉ ሌሎች ጋጋሪዎችም በተግባር ይታያል።»

በምክንያቱ ክፍል ሁለት ነገር አስገብቻለሁ። አንደኛ፣ መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከቅድሚያ ሥራዎቹ ውስጥ መድቦታል። ሁለተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው የቤት ውስጥ የማብሰያ ጢስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል።

ከጋጋሪዎቹ አንዷ፦
ወንድሜ፣ አምሮበታል። «የእንጀራው ጥራት» የሚለውን ግን ዘርዝረው። የከተማው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ዳሩ ዓይን አውጥቷል ወይ፣ ሥሩ አሯል ወይ፣ ሲታጠፍ ተሰንጥቋል ወይ። እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ማንም አይቶ አዎ ወይም አይ ብሎ ሊሞላው ይችላል። ደግሞ የማሟሻው እንጀራ ከቁጥሩ ውጭ ይሁን። ምጣዱ ገና ሳይግል የወጣው ከተቆጠረ ሥራው ሁሉ ይበላሽብናል።

ምክትል ሰብሳቢው፦
ከኋላ ድስት የሚቀመጥበትስ? አንዳንዶቻችን ውሃ እናሞቅበታለን፣ አንዳንዶቻችን ባዶውን ነው የምንተወው። ድስት ሲኖርና ሳይኖር ጢሱ አወጣጡ ይለያያል።

የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዋ፦
እውነት ነው። በልኬቱ ጊዜ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ድስት፣ እኩል ውሃ ይቀመጥ። ቅጹ ላይ እጨምረዋለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ ተስማምተናል። ጋሼ ጡቡንና ፑሚሱን ይመርጣሉ፤ ሁለቱን ምድጃዎች የሚያፈርሱት እሑድ ነው፣ ሥራ በማይኖርበት። ሸክላ ሠሪዎቹን በገበያ ቀን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ተማሪዋ ልጃችን ቅጹን በአማርኛ አዘጋጂልን፤ ፊደል የማይለዩት እናቶች እንዲሞሉት በምልክት ይሁን። ሒሳብ ያዥ፣ ፕሮፎርማዎቹ እንደደረሱሽ በጀቱን ለጸሐፊያችን ስጪው። የመብራቱን ደብዳቤ አባላችን በዚህ ሳምንት ያስገባል። የአመድ ጠረጋው ተራ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ከነገ ጠዋት ይጀመራል። ስም ዝርዝሩ በሩ ላይ ይለጠፋል።