ለክሌይ ባር ከሻምፖና ከሚረጭ ማጽጃ የትኛው ማለስለሻ ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥቁር ቀለም ያለውን መኪናዬን በክሌይ ባር፣ ማለትም ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻን በሚያነሳ ጭቃ መሰል ለስላሳ ነገር፣ ለማጽዳት እየተዘጋጀሁ ነው። አጥቤ ካደረቅሁት በኋላ እጄን በስስ ፌስታል ሸፍኜ ቀለሙን ስዳስሰው፣ ኮፈኑ ላይና በተለይም ከጎማዎቹ በስተኋላ ባለው የበሮቹ የታችኛው ክፍል ላይ በዓይን የማይታይ ሻካራ ነገር ይሰማኛል። ክሌዩን ገዝቻለሁ፤ ነገር ግን ከእሱ ጋር እንዲሠራ የተዘጋጀውን ማለስለሻ ፈሳሽ አላገኘሁም። በእጄ ያሉት ሰም የሌለበት የመኪና ሻምፖ እና ከታጠበ በኋላ ለማብረቅ የሚረጭ፣ ሰም እንዳለበት የተጻፈበት ፈጣን ማጽጃ ናቸው። ንጹህ ውሃ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ይሠራል የሚሉ አጋጥመውኛል። ከክሌዩ በኋላ ቀለሙን ፖሊሽ አድርጌ ቀለሙን የሚጠብቅ የሴራሚክ ሽፋን ለመቀባት አስቤያለሁ። ቀለሙን ሳልቧጭር ለመሥራት የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን ልጠቀም?

መልስ 1

በእጅዎ ካሉት ሁለቱ ሻምፖውን እመርጣለሁ። ክሌይ በባሕርዩ የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ ወይም ከሌላ ሥራ በአየር መጥቶ ያረፈ የቀለም ርጭት ነቅሎ የሚያወጣውም ስለሚያጣብቅና ውስጡ ደቃቅ ሻካራ ቅንጣቶች ስላሉ ነው። የማለስለሻው ሥራ በክሌዩና በቀለሙ መካከል ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ሆኖ መቆየት ሲሆን፣ ክሌዩ ቀለሙን ራሱን ሳይዝ ከቀለሙ ወጣ ብሎ የቆመውን ቆሻሻ ብቻ እንዲይዝ ያደርገዋል። ውሃ ብቻውን ይህን ንጣፍ አይጠብቅም። በቆመ ገጽ ላይ ቶሎ ይወርዳል፤ የቆየ ሰም ባለበት ቀለም ላይ ደግሞ ወደ ጠብታነት ይሰበሰብና በጠብታዎቹ መካከል ደረቅ ቦታ ይተዋል፣ ክሌዩም የሚይዘውና የሚቧጭረው በዚያ ደረቅ ቦታ ላይ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናን ግን ይተዉት። ቅባት እንዲቆርጥ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ክሌዩን አያይዞ የያዘውን ቅባታማ ሙጫ ሊያላላው ይችላል፤ ክሌዩ ሲላላ ደግሞ እየተቆራረሰ ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ያንን ማስለቀቁም ሌላ ሥራ ይሆናል። በነጭ ጋዝና በመሰል የነዳጅ ውጤቶች የሚያለሰልሱ ሰዎች አሉና በእነዚህ የሚደርሰው ጉዳት የባሰ መሆኑንም ልጨምር።

መጠኑን በተመለከተ ሻምፖው ለመታጠቢያ ከሚታዘዘው ይልቅ ወፈር ማለት አለበት። በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል አድርጎ መጀመርና ክሌዩ የሚጎተት ሆኖ ከተሰማዎት መጨመር ይቻላል። በመርጫ ጠርሙስ ውስጥ ሲያዋህዱ አይናጡት፤ አረፋ ውስጡ ያለው አየር ስለሆነ አያለሰልስም፣ የሚሠሩበትንም ቦታ ይሸፍንብዎታል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሻምፖ ግን ሁለተኛ ምርጫ እንጂ አንደኛ አይደለም። ሻምፖ የሚሠራው በብዙ ውሃ ቆሻሻውን አንስቶ በብዙ ውሃ እንዲታጠብ ታስቦ ነው። ስስ ሆኖ ሲረጭ ቶሎ ይደርቃል፤ በጥቁር ቀለም ላይ ሲደርቅም ነጠብጣብ ይተዋል። ጠያቂው ማግኘት ከቻሉ ያለ ማለቅለቂያ ውሃ ለማጠብ የሚሠራውን ፈሳሽ እንዲገዙ እመክራለሁ። በውስጡ ያሉት ፖሊመሮች ቆሻሻውን ከቀለሙ ለይተው እንዲይዙ ተብለው የተቀመሙ ስለሆኑ ከክሌይ ጋር የሚስማማ ማንሸራተት ይሰጣል። ከእነዚህ ምርቶች አንዳንዶቹ ለማጠቢያ 1 ለ256፣ ለክሌይ ደግሞ 1 ለ64 እንዲቀጥኑ ይታዘዛል፤ የኋለኛው በ1 ሊትር ውሃ 16 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። የእርስዎ ምርት የተለየ መጠን ከጻፈ ግን የጠርሙሱን መመሪያ ይከተሉ።

ሰም ስላለበት ፈጣን ማጽጃ አንድ ነገር ግልጽ ቢሆን ጥሩ ነው። በማንሸራተት ረገድ እንከን የለበትም፤ እንዲያውም ክሌዩ ካለቀ በኋላ ሰም ቀብቶ ለሚጨርስ ሰው ከሻምፖ ይልቅ እሱን አዝለታለሁ። ለእርስዎ የማይሆነው ከክሌዩ በኋላ የሚመጣው ፖሊሽና ሴራሚክ ስለሆነ ነው። የሚተወው ሽፋን የቀለሙን ጭረቶች በጊዜያዊነት ስለሚሞላቸው ፖሊሽ የት እንደሚያስፈልግ በትክክል አያሳይም፤ ከሴራሚኩ በፊት ካልተወገደም ሴራሚኩ ቀለሙን በደንብ እንዳይዝ ይከለክለዋል። ስለዚህ ማለስለሻ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀጥሎ የሚቀባው ምንድን ነው የሚለው ይመስለኛል፤ የምርቱ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ። የትኛውንም ቢጠቀሙ ከሴራሚኩ በፊት በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ገጹን ማበስ አይቀርም፤ የፖሊሹም ቅባት መውጣት አለበትና።

መልስ 3

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ግን ማንኛውንም ማለስለሻ ዋጋ የሚያሳጡ ጥቂት ነገሮች ልጨምር። ብረቱ ለእጅ ሲሞቅ ወይም ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የተረጨው ፈሳሽ ክሌዩ ሳይደርስበት ይደርቃል፤ በጥላ ሥር፣ ብረቱ ቀዝቅዞ፣ በአንድ ጊዜ ከ50 በ50 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ላይ መሥራት ይሻላል። ፈሳሹ በቀለሙም በክሌዩም ላይ ይረጭ። እጅዎን ክብደት ሳይጭኑ ቀጥ ባለ መስመር ያንቀሳቅሱት፤ በክብ ከተሠራ የሚፈጠረው ጭረት በጥቁር ቀለም ላይ ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል።

ከበሮቹ ታች ያለው ሻካራነት ምናልባት ከፍሬን የወጣ የብረት ብናኝ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከክሌዩ በፊት ብረት የሚያሟሟውን ማጽጃ መርጨትና፣ ወደ ሐምራዊ ሲለወጥ ሳይደርቅ በውሃ ማጠብ የክሌዩን ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህንኑ ማጽጃ እንደ ማለስለሻ የሚጠቀሙ አሉ። ሽታው የከፋ ከመሆኑም በላይ ከቀለሙ ጋር ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የተሠራ ስላልሆነ፣ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር አልመክርም።

ውሃዎ ጨው የሚበዛበት ከሆነ ፈሳሹን በዲስቲልድ ውሃ ያቅጥኑት። ቀለሙ አንጸባራቂ ያልሆነው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምላሼ ጭራሽ ክሌይ አይንካው የሚል ይሆን ነበር፤ የትኛውም ማለስለሻ ክሌዩ እያሻሸ ቦታ ቦታ እንዳያበራው አያግደውምና።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለ ማለቅለቂያ ውሃ የሚያጥበውን ፈሳሽ እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ በሻምፖው እሠራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ የረጨሁት መጠን በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የተረፈውን ውህድስ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ 2

በጆሮዎና በእጅዎ ያውቁታል። መጀመሪያ ላይ ክሌዩ በተጣበቀው ቆሻሻ ላይ ሲያልፍ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል፤ ቦታው እየጸዳ ሲሄድ ድምፁ ይጠፋና ክሌዩ ያለ ምንም ተቃውሞ ይንሸራተታል። ድምፅ ሳይኖር ክሌዩ ቢይዝብዎት ወይም እየዘለለ ቢሄድ ያነሰው ፈሳሽ ነውና ሳይገፉ ቆም ብለው እንደገና ይርጩ። ፈሳሽ መቆጠብ በዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም፤ የላይኛው ግልጽ ሽፋን በአብዛኞቹ የፋብሪካ ቀለሞች ላይ 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊ ሜትር) ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በድርቀት የተፈጠረ ጭረት በፖሊሽ በወጣ ቁጥር ከዚያ ላይ እየተቀነሰ ነው።

ውህዱን በተመለከተ በቧንቧ ውሃ የቀጠነው ሲቆይ ሊደፈርስና ሊሸት ስለሚችል ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያዋህዱ። ክሌዩን ግን ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ንጹህ ገጹ ወደ ላይ እንዲወጣ አሽተውና አጥፈው፣ ከዚያው ፈሳሽ ጥቂት ረጭተውበት በሚከደን ዕቃ ውስጥ ያኑሩት። መሬት ላይ የወደቀ ከሆነ ግን አሸዋ ስለሚይዝ ይጣል።