«እጅግ ከባድ» ወይስ «ልዕለ ከባድ» ታንክ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስላለው ዘመን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። 100 ቶን የሚመዝን የፈጠራ ታንክ አለበት። መደቡን «እጅግ ከባድ ታንክ» ብዬው ነበር፤ ግን ስም ሳይሆን ገለጻ መሰለብኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ሐረግ ፈቺ፦ «ልዕለ ከባድ» በለው ወንድሜ። ዜና የሚሰማ ሁሉ «ልዕለ ኃያል»ን ያውቃል። «እጅግ» መጠን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ዝናቡም እጅግ ከባድ ይባላል። «ልዕለ» ሲሆን ግን ከ«ከባድ» በላይ ሌላ ደረጃ እንዳለ አንባቢው ይገባዋል። «ግዙፍ»ን ተወው፤ ስለ ቁመናው እንጂ ስለ ክብደቱ አይናገርም።

ብረት ወዳድ፦ በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ልኬቱን ግን ከእውነተኛው ጋር አስተያየው። የፈረንሳዩ ሻር 2ሴ 69 ቶን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ተሠርተው ያለቁት 10 ብቻ ናቸው። 12 ሰው ይጭናል፤ በላዩ የሚዞረው መተኮሻ ማማ ሁለት ነው፤ ትልቁ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ሩቅ መንገድ የሚሄደው በባቡር ተጭኖ ነው። በ1940 ሐዲዱ ሲዘጋባቸው አብዛኞቹን ያወደሟቸው የራሳቸው ታንከኞች ናቸው። ያንተን 100 ቶን የትኛው ድልድይ ሊችለው ነው?

ጠያቂ፦ ድልድዩን ምዕራፍ ሦስት ላይ አፈርሰዋለሁ! ወታደሮቹ በጨዋታቸው «የየብስ መርከብ» ቢሉትስ?

ሐረግ ፈቺ፦ ሁለቱ «የ» ምላስ ያደናቅፋሉ። «የምድር መርከብ» ይቀላል። አንባቢው «የበረሃ መርከብ» የምንላት ግመል ትዝ ብትለው ግን አትቀየም።

ብረት ወዳድ፦ መርከብነቱስ ታሪክ አለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1915 ነገሩን የጀመሩት በባሕር ኃይላቸው መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮሚቴውም በምድር መርከብ ስም ነበር የሚጠራው። «ታንክ» ምሥጢር መጠበቂያ ነው፤ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚሠራ እንዲመስል። እኛ ያኔ ቃሉን ብንተረጉመው ዛሬ ጦሩ ሮቶ ይዞ ይዘምት ነበር።

ጠያቂ፦ 😂 የብረት ልባሱንስ ውፍረት?

ሐረግ ፈቺ፦ መኪናው «ብረት ለበስ» ነው። ለብረቱ ለራሱ «ጥሩር» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ጎልያድን ያለበሰው እሱን ነው። «የፊት ጥሩሩ 45 ሚሊ ሜትር» ብትል ያምራል። የሻር 2ሴም የፊቱ ልክ ያው ነው።

ጠያቂ፦ «ማማ» ግን የማሽላ ጠባቂ አያስመስለውም? ደግሞ ይሄኛው ይዞራል።

ሐረግ ፈቺ፦ ከፍ ብሎ ማየቱና መምታቱ ያስማማቸዋል። «ተሽከርካሪ ማማ» አትበል፤ ተሽከርካሪ መኪናው ነው። «ዟሪ ማማ»ም ቤቱ የማያርፍ ሰው ያስመስለዋል። «የሚዞር ማማ» ብለህ አንዴ አስተዋውቀውና ከዚያ በኋላ «ማማው» ይበቃል።