ከኤንፒኤች ወደ ላንተስ፦ የእናቴ መጠን ከየትኛው ይቆጠር?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነን። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ዓይነት 2 ስኳር አለባት። ኤንፒኤች ኢንሱሊን ትወጋለች፦ ጠዋት 20 ዩኒት፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ 12።

ችግሩ ሌሊት ነው። በዚህ ወር ሦስቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ላብ አጥምቋት፣ እየተንቀጠቀጠች ቀሰቀሰችኝ። ስኳሯን ስለካ ወርዶ አንዴ 54፣ አንዴ 58። ሦስተኛውን ስኳር ለመበጥበጥ ስሯሯጥ ሳልለካው ቀረ። ኤንፒኤች ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ይበረታል፤ ለእሷ ይሄ እንቅልፍ ላይ ነው። በነርሷ ምክር የማታውን ወደ 8 ዝቅ አደረግነው። ሌሊቱ ሰላም ሆነ፣ ጠዋት ግን ስኳሯ ወደ 240 ወጣ።

የድሬ ሙቀት አበላሽቶት ይሆን ብዬም ነበር። ግን የተበላሸ ኢንሱሊን ስኳር ከፍ እንዲል ያደርጋል እንጂ አይጥልም። ደግሞ መብራት ሲጠፋ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ሸክላ ነው የምናቆየው።

ወንድሜ ከውጭ ላንተስ የሚባል ሌላ ኢንሱሊን ልኳል። ላንተስ 24 ሰዓት ያህል ሳይዋዥቅ ስለሚሠራ ሌሊት የመጣል አደጋው ያነሰ ነው። ዋጋው ግን ወገብ ይቆርጣል፣ ከሌላ ኢንሱሊን ጋርም በአንድ ስሪንጅ አይቀላቀልም። ሐኪሟ መቀየሩን ተስማምቶ መጠኑን ሳይጽፍልን ቀረ፤ ቀጠሮው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። እስካሁን አልጀመርንም።

የመድኃኒቱ ወረቀት በቀን ሁለቴ ኤንፒኤች ለሚወጋ ሰው ከቀኑ ድምር 20 በመቶ ተቀንሶ ይጀመር ይላል። ፋርማሲስቶች፣ ነርሶች፣ 20 በመቶው የሚቀነሰው ከድሮው 32 ነው ወይስ አሁን ከምትወጋው 28?