የሰበካችንን የጌሊክ የቦታ ስሞች ስለመመዝገብ፦ በጋራ ዕቅዱ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በጥንቱ የአየርላንድ ቋንቋ በጌሊክ የተሰየሙ ቦታዎቻችንን ለመመዝገብ የገንዘብ ድጋፍ እንዲሰጠን፣ በአየርላንድ ለሚገኘው አውራጃችን ለክሌር ምክር ቤት የምናቀርበው ረቂቅ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። የታውንላንዶቻችን ስም፣ ማለትም አየርላንድ ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለችባቸው ከ60,000 የሚበልጡ ትንንሽ የመሬት ክፍሎች ስም፣ በመንግሥት ካርታ ላይ ስለሰፈረ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው ከዚያ በታች ያለው፣ የማሳው፣ የምንጩና የቋጥኙ ስም ነው። አብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ያለ ሲሆን፣ አጥር ፈርሶ ማሳዎች በተቀላቀሉ ቁጥር የሚጠራበት ምክንያት ስለሚጠፋ ስሙም አብሮ ይረሳል። ስለዚህ ስሙንና ትርጉሙን ጎን ለጎን የሚይዝ አንድ መዝገብ እንድናዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንጋፋ አባል፦
ዕቅዱን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ፤ ትርጉሙ ከስሙ እኩል መቀመጡን ግን አልስማማበትም። በአገራችን “ኪል” ብለው የሚጀምሩ ስሞች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ይህ መነሻ አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ከሚለው የጌሊክ ቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ደን ከሚለው የመጣ በመሆኑ፣ ኪልሞር የሚባለው ስም በአንዱ ስፍራ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ታላቁ ደን ማለት ነው። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሁለቱን ስለደባለቃቸው፣ መዝገበ ቃላት ብቻ ገልጦ የሚተረጉም ሰው ደኑን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርገው ይችላል። የጌሊክ ሊቃውንቱ ጆን ኦዶኖቫንና የዚሁ አውራጃ ተወላጅ የነበረው ዩጂን ኦኬሪ እ.ኤ.አ. በ1839 ለመንግሥት የካርታ ሥራ ክሌርን ሲዞሩ፣ ነዋሪውን እየጠየቁ ከጥንት ጽሑፎች ጋር ያመሳክሩ ነበር። ያኔ አፉን በጌሊክ የፈታ ሰው በየመንደሩ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የቀረልን አያት ለልጅ ያወረሰው አጠራር ነው። በመሆኑም መጀመሪያ የተናጋሪው ድምፅ ይቀረጽ፤ ትርጉሙ በሌላ ዓምድ ከነማስረጃው ይግባ፤ ማስረጃ ከሌለም ዓምዱ ባዶ ይተው።

መምህርት አባል፦
ታላቃችን ያነሡትን የሚያጠናክር አንድ ጉዳይ አለ፤ ረቂቁ ጨርሶ ያልነካው ስለሆነ በብርቱ ላሳስብበት እወዳለሁ። “ኪሊን” የሚባሉ ስፍራዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉ በቁሙ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፤ ነገር ግን ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተባረከ መሬት እንዳይቀበሩ በሚከለከልበት ዘመን፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደነዚህ ስፍራዎች፣ ብዙውን ጊዜም በጨለማ ነበር። በመዝገባችን “ትንሽ ቤተ ክርስቲያን” ብለን ብቻ ብናልፍ የስፍራውን እውነት እንሸፍናለን። በሌላ በኩል፣ እዚያ ያረፉ ሕፃናት ቤተ ዘመዶች አሁንም በመካከላችን ስለሚኖሩ፣ የስፍራው ትክክለኛ መገኛ ያለ እነርሱና ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ለሕዝብ መገለጽ የለበትም።

ከዚህ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው እየጠየቁ በደብተር የጻፉት የትውፊት መዝገብ፣ የትምህርት ቤቶች ስብስብ የሚባለው፣ የአየርላንድን ትውፊት በሚያስነብበው በዱካስ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። የሜዳ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢያችንን ደብተሮች ለማንበብ ፈቃደኛ ነኝ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱንም አሳቦች ተቀብዬ አንቀጽ ሦስትን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ፦ “ለእያንዳንዱ ስም የተናጋሪው ድምፅ፣ የቦታው መገኛና የቀድሞ አጻጻፎች ይመዘገባሉ፤ ትርጉም የሚጨመረው በማስረጃ ሲደገፍ ብቻ ነው፤ ነዋሪዎች ስለ ቦታው የሚናገሩት ከቃሉ ትርጉም ተለይቶ ይጻፋል፤ የኪሊኖች መገኛ ያለ ባለመሬቱና ያለ ቤተ ዘመድ ፈቃድ አይታተምም።” የቤት ለቤት ጉብኝቱን ለአገራችን በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ላለው ጊዜ አስቤው ነበር፤ ያ ወቅት ግን ገበሬው ለከብቶቹ የብርዱን ወራት መኖ አጭዶ የሚሰበስብበት ስለሆነ፣ ከኅዳር በኋላ ባሉት ረጅም ምሽቶች እንዲሆን አዛውሬዋለሁ። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አረጋውያን ግን እስከዚያ ሊጠበቁ ስለማይገባ፣ የእነርሱ ቀረጻ የገንዘቡን ውሳኔ ሳይጠብቅ በዚህ ወር ይጀመር።