ጉንጭ ሲገባና ፊት ሲከሳ፦ ክሬም፣ ፊለር ወይስ ሌላ? (ኮምቦልቻና ደሴ)

ቦርከና

ሰላም ጀመዓ። ጥያቄዬ ኮምቦልቻ ውበት ሳሎን ስለሚመጡ ከ45 እስከ 60 ዓመት ስለሚሆናቸው እናቶች ነው። «ጉንጬ ገባ፣ ፊቴ ከሳ፣ ሰውነቴ ግን ያው ነው» እያሉ የሚሞላ ክሬም ይጠይቃሉ። ክሬም የጠፋ ሙላት ይመልሳል ወይ? ፊለር የሚባለውስ (ቆዳ ሥር የሚወጋው መሙያ) ስንት ይበቃል፣ ምን ያህል ይቆያል? ቴሌግራም ላይ «ያለ መርፌ ይሞላል» እየተባለ የሚሸጠውን ብዕር ሳሎን ውስጥ መጠቀም ይቻላል? ብዙዎቹ ደግሞ «ፊለር ከአሳማ ነው የሚሠራው» ሲባል ሰምተው ይፈራሉ። የምታውቁ በዝርዝር መልሱልኝ።

ሐረጎ

እህቴ፣ ከብዕሩ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። አትንኪው። ብዕሩ የፊለሩን ጄል በግፊት ቆዳ በስቶ ያስገባል፤ የት ጥልቀት ላይ እንደሚያርፍ የሚቆጣጠረው ሰው የለም። አንዱ ጠብታ ቆዳ ውስጥ ቀርቶ እብጠት ይሆናል፣ ሌላው ጠልቆ ደም ሥር ይነካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡም ባለሙያውም በዚህ ዓይነት መሣሪያ ፊለር እንዳይሞላ በግልጽ አስጠንቅቋል። በመርፌ የሚሞላውም ቢሆን የሐኪም ሥራ እንጂ የሳሎን ሥራ አይደለም። ምክንያቱን ሌሎች ይጽፉታል ብዬ አምናለሁ።

ክሬም አይሞላም። የፊት ቆዳ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጠፋው ግን ከሥሩ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ጉድጓድ አጥንት ይሰፋል፣ የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉንጭን ከታች የሚደግፈው ጥልቅ ስብ ይሟሽሻል፣ ከላይ ያለው ስብ ደግሞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሴትየዋን በጀርባዋ አስተኝተሽ መስተዋት ስጫት። ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ተኝታ ሳለች ከጠፋ፣ ችግሩ በአመዛኙ የቆዳ መውረድ ነው። ተኝታም ጉንጯ ጎድጓዳ ሆኖ ከቀረ፣ ከሥር የጎደለ ነገር አለ።

ከክሬሞች የሚረባ ከተባለ ትሬቲኖይን 0.025 በመቶ ነው። ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላ ፊት፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ። ኮላጅን ይጨምራል፣ የቆዳውን ልስላሴ ያሻሽላል፤ ጉንጭ ግን አይሞላም። እርጉዝ አትቀባም። የምለምንሽ አንድ ነገር፦ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸውን «ማቅያ» ክሬሞች ከመደርደሪያሽ አውጪ። ቆዳን ያሳሳሉ፤ የከሳ ፊት ላይ ሲቀቡ ጉድጓዱን ይበልጥ ያጎሉታል። ፀሐዩንም አትርሺ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል። የፀሐይ መከላከያ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተጨምቆ ለፊትና ለአንገት ይቀባል፣ ውጭ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ጦሳ ሥር

ሐረጎ ባለው ላይ፦ ማንም ሰው ፊለር ከማሰቡ በፊት ፊቱ በምን ፍጥነት እንደከሳ ይጠየቅ። በዓመታት ከሆነ ዕድሜ ነው። በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ክብደቱ ከአምስት በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ የነበረች ሴት 57 በታች ከገባች፣ መጀመሪያ ምርመራ ነው፦ የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ስኳር፣ የሳምባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ። በሽታው ሳይታከም የተሞላ ጉንጭ ተመልሶ ይከሳል፣ በሽታውም ተሸፍኖ ይቆያል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ለዓመታት በቀን አንዴ እየበሉ የሚውሉ ሰዎችም ፊታቸው ቀድሞ ይሟጠጣል።

ድሮ ስታቩዲን የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የጉንጭ ስባቸው እንደጠፋ የቀረ አሉ። መድኃኒቱ ከተተወ ቆይቷል፤ የሄደው ስብ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ፖሊ ላክቲክ አሲድ የሚባለው መሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው ለእነዚሁ ሰዎች ነበር።

ብዙ ሰው የሚዘለው ጥርስ ነው። የመንጋጋ ጥርሶች ከተነቀሉ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አገጭና አፍንጫ ይቀራረባሉ፣ ከንፈር ይጠቀለላል። ጥርሱ የነበረበት አጥንት ይሟሟል፤ ፈጥኖ የሚሟሟው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ሐኪም ፊለር ቢሞላትም ድጋፍ የሌለው ጉንጭ ላይ ነው የሚያፈሰው። በልክ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከንፈርንም ጉንጭንም ከውስጥ ገፍቶ ያወጣል። ሰው ሠራሹ ጥርስ ኖሯት ግን ከላላ፣ ሙሉውን መቀየር ሳያስፈልግ ከድዱ ጋር የሚገናኘው ገጽ ብቻ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ይህ ደሴም ኮምቦልቻም በጥርስ ክሊኒክ የሚጠየቅ ነገር ነው። ለቆዳ ጥያቄ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።

አዝዋ

ስለ አሳማው፦ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ፊለር በባክቴሪያ ተብላልቶ የሚመረት ነው፤ እንስሳ የለበትም። ወሬው የመጣው ከድሮዎቹ ይመስለኛል፤ ከከብትና ከአሳማ ኮላጅን፣ ከአውራ ዶሮ ኩክኒ የሚሠሩ ነበሩ። ፊለሩን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል፦ ከበግ፣ ከከብት፣ ወይም በላቦራቶሪ በሰው ዘረ መል የሚመረት አለ። የሚጠነቀቅ ሰው የሁለቱንም ካርቶን አሳዩኝ ይበል።

መጠኑን ሰዎች አይገምቱትም። አንድ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ አምስተኛ ማለት ነው። 55 ዓመት የሆናት ሴት ጉንጯ በደንብ ከገባ በአንድ ጎን አንድ ሲሪንጅ መነሻ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይጨመራል። ጉንጭ ላይ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው ከንፈር ላይ ከዚያ ያነሰ። ሐኪሙ በአንዴ ከሚያፈስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቢጨምር ይሻላል። ደግሞ በአፍንጫና በአፍ መካከል ያለውን መስመር ብቻ ሙሉልኝ ማለት ስህተት ነው፤ የጎደለው ከላይ ጉንጩ ላይ ሆኖ ታች ሲሞላ አፍ አካባቢ ይከብዳል፣ ፊቱ የዝንጀሮ ይመስላል።

ሌሎች የፊለር ዓይነቶችም አሉ፦ ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። ፖሊ ላክቲክ አሲድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየተራራቀ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋል፣ ውጤቱ ከወራት በኋላ ይመጣል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል፤ እንዳይቋጠርም ለአምስት ቀን፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይታሻል። ሁለቱንም የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ከሆድ ወይም ከጭን ተወስዶ የሚሞላ የራስ ስብ የኦፕራሲዮን ክፍል ይፈልጋል፤ ከተወጋው ከ30 እስከ 70 በመቶው ብቻ ነው የሚተርፈው፣ የመጨረሻው ቅርጽም ከሦስት እስከ ስድስት ወር በኋላ ይታያል። ፈሳሽ ሲሊኮን ይዞ የመጣ ሰው ካለ ግን አባሪው። ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ተቆርጦም ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

ዋናው አደጋ ጄሉ ደም ቅዳ ውስጥ ሲገባ ነው። በቅንድቦች መካከል፣ አፍንጫ ላይ፣ በአፍንጫ ጎን ያሉት ቧንቧዎች ወደ ዓይን ከሚሄዱት ጋር ይገናኛሉ። ቆዳው ይነጣል፣ ቀጥሎ እንደ መረብ ይዥጎረጎራል፣ ሕመሙ ከመርፌው ይበልጣል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መንጣቱ ስለማይታይ በጣት ተጭነሽ ልቀቂ፦ ቀለሙ ለመመለስ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከፈጀ አደጋ ነው፤ የከንፈርን ውስጥም እዩ። ሐኪሙ ሃያሉሮኒዴዝ ወዲያው በብዙ መቶ ዩኒት ይወጋል፣ ካልተመለሰ በየሰዓቱ ይደግማል። ስለዚህ ክሊኒኩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ሃያሉሮኒዴዝ አሁን፣ እዚሁ፣ ቢያንስ 1,500 ዩኒት አላችሁ?» ነው። «እናስመጣለን» ካሉ ይወጣል። ዓይን ከደበዘዘ፣ የዓይን ሽፋን ከወደቀ ወይም ክንድ ከዛለ፣ ለማዳን ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

ቦርከና

አላህ ይስጣችሁ። አንድ የቀረ፦ አዲስ አበባ ተሠርተው በዚያው ቀን አውቶቡስ የሚሳፈሩ አሉ፤ ሲመለሱም ወይባ ጢስ ይገባሉ። ችግር አለው?

ሐረጎ

አብሽሪ፣ ግን አዎ፣ ሁለቱም ችግር ናቸው። የደም ሥር መዘጋት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሐል መንገድ ላይ የሚያሟሟ መድኃኒት ያለው የለም። 48 ሰዓት ሐኪሙ አጠገብ ይቆዩ። ወይባው ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሙቀት እብጠቱን ያባብሰዋል። ጥርስ ማስነቀልም በክሊኒክ ማሳጠብም ፊለሩ ከሚወጋበት ቀን ሁለት ሳምንት በፊትና በኋላ አይሁን፤ ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ ፊለሩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። አስፕሪን በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን ስለ መበለዝ ብሎ በራሱ አያቁም።

ፊለሩን ራሳቸው ገዝተው በሻንጣ ይዘው የሚሄዱም አሉ ይባላል። አብዛኛው ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ የሚፈልግ ነው፤ የኮምቦልቻ ቀትር በመኪና ውስጥ ያንን ያልፋል። የተዘጋ ማሸጊያ፣ የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ያለው፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ክሊኒኩ ፊታቸው ከፍቶ ያሳያቸው። የምርት ቁጥሩ ያለበትን ተለጣፊም ወስደው ያስቀምጡ፤ ከወራት በኋላ ቢያብጥ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተወጉ ነው።